በጠባብ ቤት የውሻን ሽታ ከሥሩ ማጥፋት፦ ለደሴ ክረምት ጭምር የሚሆን መመሪያ

ደሴ ላይ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ከውሻው ጋር የሚኖር ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ክፍሏ በመጋረጃ ተከፍላ በአንድ በኩል አልጋ፣ በሌላ በኩል ምድጃና ረከቦት አለባት። ውሻው በር ሥር ወይም አልጋ ሥር ይተኛል። እንዲህ ባለ ቤት ሽታ የሚወጣበት ቦታ የለውም። ፍራሹም፣ መጋረጃውም፣ ጋቢውም ይይዘዋል። ጎረቤት ቡና ሲጠራ ልብሳችን ይሸት ይሆን ብሎ መሳቀቅ ይመጣል። ቀጥሎ አከራይ ያጉረመርማል፤ በመጨረሻ ውሻው ይባረራል። ብዙ ውሻ ከቤት የሚወጣው በጥፋቱ ሳይሆን በሚያመጣው ሽታ ነው፤ ሽታው ደግሞ መፍትሔ ያለው ነገር ነው።

ብዙዎቻችን ሽታ ሲመጣ የምናደርገው ሁለት ነገር ነው፤ እጣን ማጨስና በረኪና መድፋት። እጣኑ ሽታውን ለአንድ ሰዓት ይሸፍነዋል። በረኪናው ደግሞ በግድየለሽነት ከተያዘ ጉዳት አለው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምለው ይህን ነው፦ ከማጠብ ማድረቅ ይበልጣል። በተለይ ደሴ ላይ። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ድረስ ይገባል፤ የታጠበ ልብስ እንኳ በቀኑ አይደርቅም። በዚህ አየር ውሻን እየደጋገሙ አጥቦ እርጥቡን ቤት ማስገባት ሽታውን ያባብሰዋል። ኮምቦልቻ ከፍታው 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነና ስለሚሞቅ ማድረቁ ይቀላል። እዚያ የሚያስቸግረው ቁንጫና መዥገር ነው።

ሽታው ከየት ይመጣል?

የውሻ ቆዳ ጸጉሩን የሚያለሰልስ ቅባት ያመነጫል። ቅባቱ ላይ ባክቴሪያና እርሾ መሰል ፈንገስ ይኖራሉ። ይህ በጤነኛ ውሻም ላይ ያለ ነው። እነሱ የሚፈጥሩት የሚሸት ነገር ጸጉሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ እዚያው ተይዞ ይቆያል። ውሃ ሲነካው ግን ከጸጉሩ ይላቀቅና ከሚተነው ውሃ ጋር አየር ላይ ይወጣል። ዝናብ የመታው ውሻ ገና በሩን ሲያልፍ ቤቱን የሚሞላው ለዚህ ነው። ሳይደርቅ በቆየ ቁጥር ደግሞ ባክቴሪያውና ፈንገሱ የበለጠ ይባዛሉ። ነገ የሚሸተው ከዛሬው የባሰ ይሆናል።

ከዚህ ሌላ የሽንት፣ የአፍ፣ የጆሮ፣ የፊንጢጣ እጢና የታመመ ቆዳ ሽታ አለ። ምንጩ የተለያየ ስለሆነ መድኃኒቱም ይለያያል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው በመፈለግ ነው።

ደረጃ 1፦ በአፍንጫ ፈልጉ

መጀመሪያ ከቤት ወጥታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንጹሕ አየር ላይ ቆዩ። ቤት የዋለ አፍንጫ ሽታውን ስለለመደው አይነግራችሁም። ስትመለሱ በሩን ከፍታችሁ የመጀመሪያውን ትንፋሽ ልብ በሉ። እንደ ሽንት ያቃጥላል? እንደ እርጥብ ጨርቅ ይከረፋል? ወይስ የበሰበሰ ነገር ይሸታል?

ከዚያ ተንበርከኩ። ሽታ የሚደበቀው ከጉልበት በታች ነው። የመጋረጃውን የታችኛውን ጫፍ፣ የአልጋውን እግር፣ የሶፋውን ጥግ፣ የፕላስቲክ ምንጣፉን ሥር አንድ በአንድ አሽትቱ። ወንድ ውሻ እግሩን አንሥቶ የሚሸናው ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ላይ ስለሆነ የበሩን መቃንና የቁም ሳጥኑን ጠርዝ አትርሱ። የደረቀ ሽንት ለማግኘት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ሱቆች የሐሰት ብር የሚፈትሹበትን ሰማያዊ መብራት ተዋሱ። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ወለሉ ላይ ስታበሩት ሽንት የነካው ቦታ ብዙውን ጊዜ ደብዘዝ ያለ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። የሳሙና ቅሪትም ሊያበራ ስለሚችል በአፍንጫ አረጋግጡ። ቦታውን በጠመኔ ክበቡት፤ ጠዋት ሥራችሁን ታውቃላችሁ።

ቀጥሎ ውሻውን ከራሱ እስከ ጅራቱ እዩት። ከዚህ በፊት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ለሃጩ ድንገት የበዛ፣ መዋጥ ያቃተው ወይም ጠባዩ የተለወጠ ውሻ አፍ ውስጥ እጃችሁን እንዳታስገቡ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ጤነኛ ከሆነ ከንፈሩን ገለጥ አድርጉ። በጥርሱ ሥር ቡናማ ቅርፊት ከተጋገረና ድዱ ከቀላ ሽታው ከዚያ ነው። ጆሮውን ገልብጡ። ጤነኛ ጆሮ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ብዙም አይሸትም። ጥቁር ቡናማ ቅባት ካለበት፣ ከኮመጠጠ፣ ውሻውም ራሱን የሚያራግፍ ከሆነ ጆሮው ታሟል። የእግሩን ጣቶች ፈልቅቁና መካከላቸውን እዩ፤ በጭቃ ወቅት እዚያ እርጥበት ይቋጠራል። የብብቱንና የአንገቱን እጥፋት ዳስሱ። ማሰሪያውን ፈትታችሁ አሽትቱት፤ የቆዳ ወይም የጨርቅ ማሰሪያ ከውሻው በላይ የሚሸትበት ጊዜ አለ።

መጨረሻ ጅራቱን አንሡ። ከፊንጢጣው ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አሉ። ሲታፈኑ የሚወጣው ሽታ ሳይሸጥ ያደረ የሐይቅ ዓሣ ይመስላል፤ ከሌላ አይምታታም። ውሻው ቂጡን መሬት ላይ የሚጎትተውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ራሳችሁ ልትጨምቁት አትሞክሩ። ሐኪም ያሳያችሁ።

ውሻው ብዙም ሳይሸት ቤቱ ከሸተተ ችግሩ ወለሉና ጨርቁ ነው። አንድ የአካል ክፍሉ ብቻ ከሸተተ ግን ሳሙና አይፈታውም፤ በቀጥታ የመጨረሻውን ክፍል አንብቡ።

ደረጃ 2፦ ሽንት የጠጣ ወለል

ሽንት ሲቆይ ባክቴሪያ ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል። አፍንጫ የሚያቃጥለው እሱ ነው። ሽታው ካልጠፋ ደግሞ ውሻው ቦታውን ሽንት ቤቱ አድርጎ ይይዘዋል፤ ተመልሶ እዚያው ይሸናል። ስለዚህ ለእናንተ አፍንጫ መጥፋቱ አይበቃም፤ ለእሱም አፍንጫ መጥፋት አለበት።

ገና እርጥብ ከሆነ አትፈግፍጉት፤ መፈግፈግ ያሰፋዋል። ደረቅ ጨርቅ ጣል አድርጉና በእግራችሁ ቁሙበት። ጨርቁን እየለወጡ እርጥቡ እስኪያልቅ መድገም ነው። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አርሱትና እንደገና አስመጥጡ።

ቀጥሎ የሚሠራው እንደ ወለሉ ዓይነት ነው።

ሴራሚክ ወይም ፕላስቲክ ምንጣፍ ከሆነ ቀላል ነው። አንድ እጅ አቼቶ በአንድ እጅ ውሃ አቅጥኑ። አፍሱበትና 10 ደቂቃ ያህል ተዉት። አቼቶ አሲድ ስለሆነ አሞኒያውን ያረክሰዋል። ከዚያ በውሃ ጠርጋችሁ አድርቁ። የፕላስቲኩን ምንጣፍ ገልጣችሁ ሥሩንም ማየት ግዴታ ነው። ሽንት በስፌቱ በኩል ሾልኮ ሥሩ ገብቶ ከሆነ ላዩን ብትወለውሉት ውላችሁ ብታድሩ ለውጥ የለም።

ሊሾ ወለል ይጠጣል። አቼቶ ደጋግሞ ሲነካው ደግሞ ሲሚንቶውን ይበላዋል። ለሊሾ የምመርጠው ኢንዛይም (ቆሻሻን የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ያለበት የልብስ ዱቄት ሳሙና ነው። ፓኬቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለብ ባለ ውሃ በጥብጡት፤ የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ቦታው ላይ በደንብ አፍሱና ቶሎ እንዳይደርቅ እርጥብ ጨርቅ አልብሱት። ጥቂት ሰዓት ይቆይ። ሽንቱ የገባበት ጥልቀት ድረስ እንዲደርስ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ ጥረጉና በርና መስኮት ከፍታችሁ አድርቁ። የቆየ ሽንት ከሆነ በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ ድገሙት። የተሰነጠቀውን ቦታ በሲሚንቶ ሳትደፍኑ ግን ልፋታችሁ ግማሽ ነው።

ጭቃ ወለል ላይ ውሃ ማፍሰስ ሽንቱን ወደ ታች ይሰደዋል እንጂ አያወጣውም። የሸተተውን አፈር ንጹሑ አፈር እስኪመጣ ቆፍራችሁ አውጡ። ጉድጓዱን አንድ ሁለት ቀን ክፍት ተዉት፤ አየር ያግኘው። ደረቅ አዲስ አፈር ሞልታችሁ ደልድሉ፤ ከዚያ እንደተለመደው በእበት ለቅልቁ። ይህን ሥራ ለበጋ ወይም ፀሐይ ለያዘ ሰሞን አቆዩት። በሐምሌ የተለቀለቀ ወለል ሳይደርቅ ይሻግታል።

ሶፋና ፍራሽ ከባድ ነው። ሽንት ከጨርቁ አልፎ ስፖንጅ ውስጥ ይገባል። ለብ ባለው የኢንዛይም ሳሙና ውሃ ሽንቱ የደረሰበት ድረስ አርሱት፤ በፎጣ ጨምቃችሁ አስመጥጡ፤ ፀሐይ ላይ አቁሙት። ፈጽሞ ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት። አድሮ ጠዋት አራግፉት። ስፖንጁ በተደጋጋሚ ተሸንቶበት ከሆነ ግን ገንዘባችሁን በማጠቢያ አትጨርሱ። ስፖንጁን ለውጡ።

አሁን ወደ በረኪናው። ሽንት ባለበት ቦታ በረኪና መድፋት መርዛማ ጋዝ ያስነሣል። ከአቼቶ ጋር ሲገናኝም እንዲሁ፣ ክሎሪን የሚባለው ጋዝ ይወጣል። በአራት በአራት ክፍል ውስጥ፣ ሕፃን በተኛበት፣ አስም ያለበት ሰው ባለበት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በረኪና መጠቀም የግድ ከሆነ መጀመሪያ ሽንቱን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቦ ማስወገድ፣ በሩን መክፈት፣ ውሻውን ማውጣት፣ ከምንም ነገር ጋር አለመቀላቀል ነው።

የሚሸናበትን ምክንያትም ፈልጉ። ቡችላ ከእንቅልፉ እንደነቃና እንደበላ ወዲያው ደጅ መውጣት አለበት። ትልቅ ውሻ ድንገት ቤት ውስጥ መሽናት ከጀመረ የፊኛ ሕመም ሊሆን ይችላል። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናብ ጠልቶ የማይወጣ ውሻ አለ። ለእሱ ከበሩ ጥቂት ራቅ አድርጋችሁ አንዲት ቆርቆሮ ጣራ ቀልሱለት፤ ሥሩን አሸዋ አልብሱት። ሽንቱ ላይ አፍንጫውን መፈግፈግ ምንም አያስተምረውም፤ ተደብቆ መሽናትን ብቻ ይለምዳል።

ደረጃ 3፦ መኝታው

ውሻው አልጋ ሥር ከተኛ ዛሬውኑ አውጡት። አልጋ ሥር አየር የለም፤ ፀሐይም አይደርስም። ሻንጣውና ጫማው ሽታውን ይጠጣል። ከምድጃውና ከሌማቱ ራቅ ያለ፣ ለበሩ ወይም ለመስኮቱ የቀረበ ቦታ ስጡት።

ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ የጣውላ ርብራብ አናጢ ቤት በርካሽ ይሠራል። ከሥሩ አየር ስለሚያልፍ እርጥበት አይዝም፤ ውሻውም ከወለሉ ብርድ ይድናል። ላዩ ላይ የሚነጠፈው ነገር የሚታጠብና ቶሎ የሚደርቅ ይሁን። ወፍራም ፍራሽ አልመክርም። አሮጌ ብርድ ልብስ ለሁለት ቆርጣችሁ እያፈራረቃችሁ መጠቀም ይበቃል፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይነጠፋል። ጭድ የተሞላ ጆንያ ይሞቃል፣ ግን የቁንጫ መናኸሪያ ነው። እሱን ከመረጣችሁ ጭዱን ቶሎ ቶሎ ለውጡ።

የመኝታ ጨርቁን በየሳምንቱ እጠቡ። መጀመሪያ ውጭ አራግፉ፤ ጸጉሩ ሳይወገድ ውሃ ከነካው ጨርቁ ላይ ይጣበቃል። 60 ዲግሪ የሚደርስ ሙቅ ውሃ ቁንጫውንም ይገድላል። በአጃክስ እሹት፤ መጨረሻ በሚለቀለቅበት ውሃ ላይ ትንሽ አቼቶ ጠብ አድርጉ። ከዚያ እውነተኛ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ነካ ሲያደርጉት የደረቀ የሚመስል፣ እጥፉ ላይ ግን የረጠበ ጨርቅ ተመልሶ አይነጠፍ።

ደረጃ 4፦ ማጠብና በእርግጥ ማድረቅ

ለአብዛኛው ውሻ በወር አንድ ጊዜ መታጠብ ይበቃዋል። ከዚያ ከበዛ ቅባቱ ያልቅና ቆዳው ይደርቃል፤ ያሳክከዋል፤ ሲያክ ይቆስላል፤ ቁስሉ ይሸታል። የሰው ቆዳ ወደ አሲድ ያደላ ነው፤ የውሻ ግን አሲዱ ያነሰ ነው። ለዚህ ነው የእኛ ሳሙና የማይስማማው። ኦሞ፣ ላርጎና አጃክስ በፍጹም አይነካው። የውሻ ሻምፑ ካጣችሁ ሽታ የሌለው የሕፃን ሻምፑ በውሃ አቅጥናችሁ ለአንዴ መጠቀም ይቻላል።

ቀኑን ምረጡ። ፀሐይ ወጥታ፣ ጉሙ ተገፎ፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ጀምሩ። ከሰዓት በኋላ የታጠበ ውሻ ደሴ ላይ ሳይደርቅ ይመሽበታል።

ሳታረጥቡት በፊት ውጭ አበጥሩት። የሞተ ጸጉር ውስጥ ያለው ቆሻሻ ከረጠበ በኋላ አይወጣም። ለብ ያለ ውሃ በጆግ እያፈሰሳችሁ ውሃው ቆዳው እስኪደርስ አርሱት። ጆሮው ውስጥ ውሃ አይግባ። ሻምፑውን ከአንገት ወደ ጅራት እሹ፤ ሆዱን፣ ብብቱን፣ የእግሩን ጣቶች አትለፉ። ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ የሚወርደው ውሃ ኩልል እስኪል አለቅልቁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው የሚቆጥበው እዚህ ላይ ነው። ግን ቆዳው ላይ የቀረ ሻምፑ ራሱ ያሳክካል። ውሃ ካነሰ ሻምፑውን አሳንሱ እንጂ ማለቅለቁን አታሳጥሩ።

አሁን ዋናው። ሁለት ደረቅ ፎጣ ያዙ። በመጀመሪያው አትፈትጉት፤ ጸጉሩን በፎጣው እየያዛችሁ ጨመቅ፣ ለቀቅ አድርጉ። ፎጣው ሲከብድ ወደ ሁለተኛው እለፉ። በሁለተኛው ከጸጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ከጅራት ወደ አንገት እየገፋችሁ ሥሩን አድርቁ። ከዚያ ጣታችሁን ጸጉሩ ውስጥ አስገብታችሁ ቆዳውን ንኩ። ላዩ ደርቆ ሥሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ ገና ነው። ከጆሮው ጀርባ፣ በብብቱና በጭኑ መካከል ያለው ለመድረቅ መጨረሻ ነው። ፀሐይ ላይ አንሸራሽሩት፤ አቧራ ላይ እንዳይንከባለል ግን በገመድ ይያዝ። የጸጉር ማድረቂያ ካላችሁ ለብ ባለው አድርጋችሁ ራቅ ብላችሁ ተጠቀሙ።

ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ቤት ውሻ ማድረቅ ግን ፈጽሞ አይሞከር። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለው። ብርድ ባለበት አገር ይህ ስንት ቤት ያዘጋ ነገር ነው።

ማጠብ በማይቻልበት የክረምት ሰሞን በሩ አጠገብ አንድ ጨርቅና አንድ ሳፋ ይኑር። ውሻው ከውጭ ሲገባ አራቱንም እግሩን ነክራችሁ ጭቃውን አውጡ፤ ጣቶቹ መካከል አድርቁ፤ ሆዱን ጥረጉ። ይህች የአምስት ደቂቃ ሥራ ከወር መታጠቢያው የበለጠ ቤቱን ታድናለች። ጸጉሩ ሲከብድ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ በደንብ አበጥሩት። እንዲልሰው አትተዉ፤ ብዙ ከዋጠ ይጎዳዋል። የቡና ዝቃጭ ሽታ ይመጥጣል ብሎ ውሻው በሚደርስበት ማስቀመጥም ትክክል አይደለም። ቡና ለውሻ መርዝ ነው።

ቁንጫ፣ መዥገርና እከክ

ቁንጫ ያለበት ውሻ ሲያክ ይቆስላል፤ ቁስሉ ይከረፋል። ውሻው ላይ የምታዩት ቁንጫ ጥቂቱ ነው። ብዙው እንቁላልና እጭ ሆኖ ወለሉ ስንጥቅ ውስጥና መኝታው ላይ አለ። ስለዚህ ውሻውን፣ መኝታውንና ወለሉን በአንድ ቀን ካልያዛችሁት ተመልሶ ይመጣል። ስንጥቁን በደንብ ጥረጉ፤ ጥራጊውን ደጅ አቃጥሉ፤ መኝታውን ቀቅሉ። ለውሻው የሚሆነውን መድኃኒት በክብደቱ ልክ ከእንስሳት ሐኪም ውሰዱ።

እዚህ ላይ የማዝንበት ነገር አለ። እከክ ለያዘው ውሻ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል፤ ለቁንጫ ላምባ ይፈስበታል፤ የእህል ተባይ መድኃኒት ይነሰነስበታል። እነዚህ ቆዳውን ያቃጥላሉ፤ ሲልሰው ይመርዙታል። ቤት ውስጥ አብረውት ያሉ ሕፃናትም ይነኩታል። አይቨርሜክቲን የሚባለውን የከብት የተባይ መድኃኒት በግምት መውጋትም ውሻ ሊገድል ይችላል። እከክ በሐኪም እጅ ይድናል።

የሚበላው

አፍና ፋንድያ በምግቡም ምክንያት ይሸታል። የተረፈ ወጥ መስጠት ልማዳችን ነው፤ ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። በርበሬው ደግሞ ሆዱን ያስኬደዋል። ለእሱ የሚሆነውን ወጡ ሳይቁላላ ለዩለት፤ የተቀቀለ ሩዝ ወይም ንፍሮ ከትንሽ የበሰለ ሥጋ ጋር ይበቃዋል።

በፋሲካና በአረፋ የሚመጣው ነገር ለብቻው ይታይ። በግ በታረደ ቀን ሳንባውና ጉበቱ ጥሬውን ለውሻ ይወረወራል። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ጉበት ወይም ሳንባ ውሻውን በትል ይለክፈዋል። የትሉ እንቁላል ከፋንድያው ወደ ሰው አልፎ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ እንዲሁ ውሃ ይቋጥራል። እንዲህ ያለውን ሆድ ዕቃ አቃጥሉት ወይም አርቃችሁ ቅበሩት። ደህናውንም ቢሆን አብስላችሁ ስጡ። በበዓል ማግስት ውሻው አጥንት ይዞ ገብቶ ምንጣፍ ሥር እንደሚደብቅም አትርሱ። የበዓል ሰሞን ምንጩ ያልታወቀ ግማት ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። የምግብ ሳህኑን በየቀኑ እጠቡ፤ በልቶ የተወውን ወዲያው አንሡ።

አየርና ጭስ

መስኮቱን በማለዳ ሳይሆን ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ ክፈቱ። ደሴ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው አየር ከማለዳው ይልቅ ደረቅ ነው። መስኮትና በር በአንድ ጊዜ ተከፍተው አየር ቢያልፍ በሩብ ሰዓት ቤቱ ይታደሳል። መስኮት የሌለው ክፍል ከሆነ በሩ አናት ላይ ቀዳዳ እንዲወጣ አከራዩን ጠይቁ። መጋረጃውን በየወሩ እጠቡ፤ ሽታ ከሚይዙት ሁሉ የምንዘነጋው እሱን ነው።

እጣንና ከርቤ የቤታችን ወግ ነው፤ ይቅር አልልም። ቤቱ ከጸዳ በኋላ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ለቡናው ይጨስ። የውሻ አፍንጫ ከእኛ እጅግ የሰላ ስለሆነ ጭሱ እስኪወጣ ደጅ ይቆይ።

ግቢውና ጎረቤት

ወሎ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ ይኖራል። ለሙስሊም ጎረቤት የውሻ ነገር ከሽታ በላይ ነው። ብዙዎች ዘንድ የውሻ ምራቅ ነጃሳ (ርኩስ) ነው። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር፣ ይታጠባል። ለሶላት የሚለበስን ልብስ ውሻ ቢልሰው ጎረቤታችሁ ሥራ በዝቶበታል ማለት ነው። ይህን አክብሮ መያዝ የውሻው ባለቤት ድርሻ ነው።

በተግባር ይህን ይመስላል። የውሻው ሳፋ፣ ጆግና ፎጣ የራሱ ይሁን፤ ከቤት ዕቃ ጋር አይቀላቀል። የጋራው ቧንቧ ሥር አታጥቡት፤ ውሃ ቀድታችሁ ወደ ጓሮ ውሰዱት። የመኝታ ጨርቁን የጋራው ገመድ ላይ አታስጡ፤ የራሱ ገመድ ይዘርጋለት። መስገጃ በተሰጣበትና ውዱእ በሚደረግበት በኩል እንዳያልፍ እሰሩት። ፋንድያውን ዕለት በዕለት አንሥታችሁ ከጉድጓድና ከመጫወቻ ርቆ ይቀበር። ዝናብ ከቀደማችሁ ግቢውን ሙሉ ያዳርሰዋል።

ቡና የምታፈሉ ቀን ውሻው ቀድሞ ይውጣ፤ ቄጠማው ሳይጎዘጎዝ ወለሉ ይጠረግ። እንግዳው የሚቀመጥበት ዱካ ውሻው የማይወጣበት ይሁን። ጎረቤትንም በግልጽ ጠይቁ፦ “እትዬ፣ የውሻው ነገር እያስቸገረዎት ነው? ሽታው እርስዎ ጋ ይደርሳል?” በሉ። አብሮ ቡና የሚጠጣ ሰው እውነቱን ይነግራችኋል። የእናንተ አፍንጫ ለምዶት ያለፈውን እሳቸው ያውቁታል።

መቼ ወደ ሐኪም?

ጆሮው ከሸተተ፣ ከእጢው የዓሣ ሽታ ከመጣ፣ ጥርሱ ላይ ቅርፊት ከተጋገረ፣ ጸጉሩ እየረገፈ ቆዳው ቅባት ቅባት ካለና ከከረፋ፣ ከታጠበና ከደረቀ በሁለት በሦስት ቀን ሽታው ከተመለሰ ሐኪም ይየው። ጆሮ ውስጥ አቼቶ፣ አልኮልም ሆነ የጥጥ እንጨት አታስገቡ። የሰው የጥርስ ሳሙናም ለውሻ አይሆንም፤ እርጥብ ጨርቅ ጣታችሁ ላይ ጠምጥማችሁ ጥርሱን ማሸት ይሻላል።

ሁለት ነገር ግን ለነገ አይባልም። የቡችላ ደም የቀላቀለና እጅግ የሚከረፋ ተቅማጥ አንዱ ነው። ሁለተኛው በሴት ውሻ ላይ የሚታይ ነው፤ ከደሟ ሰሞን በኋላ ባሉት ሳምንታት ከብልቷ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ፣ ውሃ አብዝታ ከጠጣችና ከደከመች ማሕፀኗ መግል ይዞ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በቀናት ውስጥ ሊገድሉ ይችላሉ። የአፉ ትንፋሽ ሽንት ሽንት ካለና ከከሳ ደግሞ ኩላሊቱ ይመርመር።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው፤ በየከተማውም የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ ይገኛል። ስትሄዱ የእብድ ውሻ ክትባት ወረቀቱን ያዙ። ሽታው የጀመረበትን ጊዜ፣ ሰሞኑን የበላውን፣ የቀባችሁትን ወይም የሰጣችሁትን ሁሉ ሳትደብቁ ንገሩ። ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው ቀን አታጥቡት፤ ሐኪሙ ሽታውንና የቆዳውን ቅባት እንዳለ ማየት አለበት።